ያን ቀን የጨመቅኩት ሎሚ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ደረቅ፣ መራራ፣ ጉሮሮን ቧጠጥ የሚያደርግ ሽታ ነው። ምን እንደሆነ ገና ሳላውቅ እጄ ቲማቲሙን ለቀቀው። ዞር ስል አንዲት ከገጠር የወረደች ሴት ጆንያ አንጥፋ ቡናማ ፍሬ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። እንዶድ ነው። ካየሁት ስንት ዓመቴ። ገበያውን፣ ሙቀቱን፣ የባጃጁን ጡሩምባ ሁሉ ረሳሁና የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ይዤ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ልጄ ልንገራችሁ፤ ይሄን ዘልዬ ብቀጥል ውሸት ይሆንብኛል። ሂሩት የመጨረሻ ልጄ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። አስም ያለባት ልጅ ያላት እናት የምትኖረው ትንፋሽ ስታዳምጥ ነው። ድስት እያማሰልኩ አዳምጣለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እያወራሁ አዳምጣለሁ። እንግዲህ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ኖራውን ይዞ ነው። የድሬን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ ቧንቧ ሥር፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ሁለት ወር ይሆነዋል፣ አንድ ሐሙስ ቀን ያን ቅርፊት ዛሬ አስለቅቀዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። በረኪና ደፋሁበት፤ ወይ ፍንክች። ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ እንዲህ ያለውን ቅርፊት የምታሟሟው በሎሚ ነበር። እኔም በልቤ ሎሚ የእናቴ ነው፣ በረኪና የዛሬ ነው፣ ሁለቱ ቢጋገዙ ምን ይላል አልኩ። ደግሞም ሎሚው የበረኪናውን ሽታ ይቀንሰዋል፣ ለልጄም ይሻላታል ብዬ ነው እኮ። ስምንት ሎሚ እዚያው በረኪናው ላይ ጨመቅኩበት። እስኪሠራ ድረስ ብዬ በሩን ዘግቼ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ።

ሂሩት ከትምህርት ቤት መጥታ ፊቷን ልትታጠብ ገብታ ኖሯል። ሳሉን ሰማሁት። የሁልጊዜው ሳል አልነበረም፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነው። በሩን ስከፍት የሆነ ነገር ዓይኔንና ጉሮሮዬን መታኝ። ልጄን ጎትቼ አወጣኋት፤ ከንፈሯ መልኩን ቀይሯል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ምን እንዳልኩ፣ ለማን እንደተሳልኩ አላውቅም። አፏ ላይ ያንን የአየር ጭንብል አድርገውላት ደረቷ ሲረጋጋ ወጣቱ ነርስ ወደ እኔ ዞረ።

«እናት፣ ቤት ውስጥ የሸተታት ነገር ነበር? የጽዳት ነገር፣ ጭስ?»

«አቧራ መሰለኝ» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እነግራችኋለሁ፤ ፈራሁ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ የተማረ ሰው ፊት ቆሜ ልጄን በገዛ እጄ ላጠፋት ነበር ማለት አቃተኝ። ይባስ ብሎ ስንመለስ ሂሩት ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝታ፣ «ማሚ አትቆጪኝም? ዛሬ አንድ አይስክሬም በልቼ ነበር። አትብዪ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። እኔም ዝም ማለት እንኳ አልቻልኩም። «አየሽ» አልኳት። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷ ግን ለልጄ በቃቻት። ከዚያ ወዲህ የአይስክሬሙ ጋሪ በሰፈር ሲያልፍ ጆሮዋን ይዛ ቤት ትገባለች። ከልጆች ጋር መሮጥም ተወች። አንድ ቀን ደግሞ ፀጉሯን ስሠራት፣ «ከእንግዲህ ካልበላሁ አልሞትም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

ይሄን ይዤ ነው እንግዲህ ቅዳሜ እንዶዱ ፊት የቆምኩት።

እናቴ አልማዝ ትባል ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበርና ገና ልጅ ሆኜ ሲያርፍ እናቴ ከዚራ ሰፈር ባሉት ትልልቅ ቤቶች ልብስ በማጠብና ወለል በመወልወል ነው ያሳደገችን። ከዚራ ያኔ፣ ምን ልበላችሁ፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነበር፤ ሰው በቀትር ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ዛሬ ባጃጁ የሚርመሰመስበት ማዕዘን ላይ ባለ ፈረስ ጋሪዎች ተሰልፈው ፈረሶቹ ቆመው ያንቀላፉ ነበር። ሱቆቹ በቀትር ይዘጋሉ። ሳምቡሳው በሳንቲም ነው፤ በጋዜጣ ይጠቀለልና ዘይቱ ጽሑፉን እጅ ላይ ያትመዋል። ሴቱ ከጅቡቲ በባቡር የመጣውን ስስ ሽፎን ለብሶ ሲያልፍ ነፋስ የለበሰ ይመስላል። ከአንዱ መስኮት የሱማሌ ዘፈን፣ ከሌላው የአማርኛ፣ ከወዲያኛው የዓረብ ይወጣል፤ እኛ ልጆች ሦስቱንም አደባልቀን እንዘፍናለን፣ ቃሉን የሚያውቀው የለም። ባቡሩ ሲጮህ እናቴ ሥራዋን ለአፍታ ታቆም ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላም ታቆም ነበር። ዛሬ ለገሀር በኩል ሳልፍ ያ ጩኸት የለም፤ እኔ ግን አሁንም አፍታ ቆም እላለሁ።

ከእናቴ ጋር አብራ የምታጥብ አዴ ሀሊማ የምትባል ሴት ነበረች፤ ድሬ አዴ የምንለው እናት፣ ትልቅ ሴት ለማለት ነው። ረዥም፣ ጥቁር፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ምላሷ ስለት። ሁለቱ ሰኞ ሰኞ የሰውን አንሶላ ተሸክመው ደቻቱ ይወርዳሉ። ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ያወጣሉ። እንዶዱን የምታመጣው አዴ ሀሊማ ናት፤ በሷ ቋንቋ ሀንዶዴ ትለዋለች። ደርቆ የተወቀጠውን በጨርቅ ቋጥራ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈውና ስታሸው ነጭ አረፋ ከሣፋው ገንፍሎ ይወጣል። በቁራጭ ሳሙና ደጋግመው ቢያሹትም በዚያ ኖራ በበዛበት ውሃ አረፋ አይወጣውም፤ እንዶድ ግን የድሬን ውሃ አይፈራም። በቋጠሮ የሚዘፈዘፈው ፍርፋሪው ልብስ ላይ እንዳይለጠፍ ነው። «ይሄን የነካ እጅ ዓይን አይነካ፣ አፍ አይነካ» ትለን ነበር። የታጠበበትን ውሃ ደግሞ ከብት ከሚጠጣበት አርቃ አሸዋ ላይ ነው የምትደፋው። አንሶላው የጋለ ድንጋይ ላይ ይሰጣል፤ የድሬ ፀሐይ የቀረውን ይጨርሰዋል። ማታ ያ አንሶላ ሲታጠፍ የፀሐይ ሽታ ነበረው። ዛሬ አበባ አበባ የሚሸት ፈሳሽ እየገዛን የምንፈልገው ያንን ሽታ ይመስለኛል።

እናቴ ደግሞ ቤት ውስጥ የራሷ ብልሃት ነበራት። አመድ በወንፊት ነፍታ በእርጥብ ጨርቅ ጥቀርሻ ድስት ታሽበታለች። ቅርፊት የሠራ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጨመቀ ሎሚ በውሃ ታፈላበትና አውርዳ ትተወዋለች። እኔ ቶሎ ልፈግፍገው ስል እጄን መታ እያደረገች፣ «ተይው፣ ሎሚው ይሥራ፣ አንቺ ምን አስቸኮለሽ» ትለኛለች። ለመስተዋት አቼቶ በውሃ አቅጥና በጋዜጣ ነው። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ነው። መስኮት ሳይከፈት መጥረጊያ አይነሣም። አሁን ሳስበው የእናቴ ጽዳት ግማሹ መታገሥ፣ ግማሹ መስኮት መክፈት ነበር። እኔ ከእናቴ ሎሚውን ብቻ ነው የያዝኩት። መስኮቱን ረሳሁት።

በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ነገር ግን አለ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። ከሚያጥቡላቸው ቤቶች አንዱ የአንዲት አሮጊት ግሪክ ነበር፤ ማዳም ነው የምንላት። ሳሎኗ ማቶኔላ በሚሉት ባለ አበባ የወለል ንጣፍ የተነጠፈ ነው፤ ቀይና አረንጓዴው መስተዋት ይመስላል፣ ፊቴን አይበት ነበር። የአበባ ማሰሮዎቿ ሥር ግን የድሬ ውሃ ነጭ ክብ ክብ ሠርቶባታል። አንድ ቀን እናቴና አዴ ሀሊማ ጓሮ አንሶላ ሲያጥቡ እኔ ሳሎን ብቻዬን ቀረሁ። እናቴን ልርዳት፣ ደስ ላሰኛት ብዬ ከወጥ ቤት ሎሚ አምጥቼ ነጩ ላይ ጨመቅኩና እንደሷ ትቼው ጠበቅሁ። ነጩ ለቀቀ። ስወለውለው ግን አበባውም አብሮ ደብዝዟል፤ መስተዋቱ ሄዶ ሻካራ ሆኗል። ለካ ማቶኔላው ራሱ ሲሚንቶ ነው፤ ሎሚው ቅርፊቱንና ወለሉን ለይቶ አያውቅም። ደነገጥኩ። ሮጬ ግቢው ጥግ ካለው ዛፍ ኋላ ተደበቅሁ። የማዳምን ድምፅ ሰማሁ፤ እናቴ ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም። ብዙ ቆይታ መጣች፤ እጄን ያዘችና፣ «ነይ እንሂድ» አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። ወደዚያ ቤት ተመልሰን አልሄድንም።

እንዶዱ ፊት ቆሜ ይሄን ሁሉ ሳስብ ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ወሪያ፣ ይሄን እንዶድ ዝናብ አስመትተሽ ነው እንዴ ያመጣሽው? ሻግቷል እኮ።»

«አልሻገተም አዴ፣ መልኩ ነው» አለች ሻጯ።

«መልኩ ከሆነማ ለኔም ለሱም አላማረብንም።»

ጥርሷን አየሁት። ፍንጭቱ አሁን ሰፍቷል እንጂ ያው ነው። ከዘራ ይዛለች፣ ጀርባዋ ጎብጧል። «አዴ ሀሊማ» አልኳት። አተኩራ አየችኝ፣ ዓይኗን አጠበበች።

«የአልማዝ ልጅ ነሽ አቦ። ያቺ ሎሚ ጨማቂዋ።»

ገበያ መሀል ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። እጄን ይዛ ጥላ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ስለ እናቴ አወራን፤ ካረፈች ሰባት ዓመቷ መሆኑን ሰምታለች፣ እግሯ ይዟት ነው ለቅሶ ያልመጣችው። ከዚያ ለማንም ያላወራሁትን ጠየቅኳት።

«አዴ፣ ያን ቀን እናቴ ለማዳም ምን አለቻት? እኔ ተደብቄ አልሰማሁም።»

«አታውቂም እንዴ?» ከዘራዋን መሬት ላይ ጫን አደረገችው። «ማዳሟ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ያ ወለል ሟች ባሏ ያስነጠፈላት ነው። ማን ነው ይሄን ያደረገው አለች። እኔ እናትሽን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት፤ ልጅ ናት ያጠፋችው በይ፣ ልጅን ማን ያባርራል ብዬ። አልማዝ ግን እኔ ነኝ አለች። ሎሚ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ የት እንደማይነካ ያላስተማርኳትም እኔ ነኝ፣ ልጄ ምንም አላጠፋችም አለቻት። ሥራው ቀረ። መንገድ ላይ፣ አንቺ ጅል፣ አንድ ቃል ብትዋሺ ምን ነበረበት ብዬ ሰደብኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ይቺ ልጅ ነገ ሎሚ ባየች ቁጥር ከምትደነግጥ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ አለች።»

እውነቷን ነው። ሎሚ ሳይ ደንግጬ አላውቅም። ደንግጬ ባውቅ ኖሮ ይሻል ነበር ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ግን አይደለም፣ የጎደለኝ ድንጋጤ ሳይሆን ዕውቀት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በእርግጥ ያጠፋሁትን እናቴ ከትከሻዬ አነሣችልኝ፤ እኔ ግን ራሴ ያጠፋሁትን ልጄ ትከሻ ላይ ጫንኩ። ለአዴ ሀሊማ ሁሉንም ነገርኳት፤ በረኪናውን፣ ሎሚውን፣ «አቧራ» ማለቴን፣ «አየሽ» ማለቴን። አልተቆጣችም።

«በረኪና ከማንም ጋር አይኖርም» አለች። «ሎሚም አቼቶም ብትሰጪው ይቆጣል። እኛ ሰፈርም አንዷ እንዲሁ አድርጋ በሰው ድጋፍ ነው የወጣችው። አሁን ተነሽ፣ መጀመሪያ ለዚያ ለነርሱ ንገሪው። ከዚያ ለልጅሽ።»

«እፈራለሁ አዴ።»

«እናትሽስ የማትፈራ መስሎሽ ነው? መንገዱን ሙሉ እጇ ሲንቀጠቀጥ ነበር። አንቺን ይዛሽ ስለነበር አላወቅሽም።»

እንዶዱን እሷ መረጠችልኝ፤ ከሻጯ ጋር ተሰዳድባ፣ ተመራርቃ። ስንለያይ ደግሞ ከዘራዋን ወደ እኔ ቀስራ፣ «ሀዬ፣ ስሚ። ስትወቅጪው ልጅቷ ከግቢ ትውጣ። ብናኙ ጤነኛውንም ያስነጥሳል። ከዛፍ የመጣ ሁሉ ለደረት ደግ አይደለም» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያ ወጣት ነርስ ነበረ። ሁሉንም ነገርኩት። አልሰደበኝም። የሂሩትን ካርድ አውጥቶ ጻፈበት፤ ለምርመራ ይዣት እንድመጣ ቀን ሰጠኝ፤ ከዚያ እኔ እንድገነዘብ ቀስ ብሎ፣ በረኪና ከሎሚም ከአቼቶም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃም ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ እንደሚያወጣ አስረዳኝ። አይስክሬሙስ ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ ምንም አላደረጋትም አለኝ። «ብዙ እናቶች አያውቁትም፤ ግን አቧራ ብለሽ ከምትሄጂ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ማክሰኞ ሂሩት ትምህርት ቤት ሳለች አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ጓሮ እንዶዱን ወቀጥኩ። ሙቀጫውን አጥቤ፣ ግቢውን ውሃ ረጭቼ፣ ብናኙ እስኪቀመጥ ጠበቅሁ። የመታጠቢያ ቤቱን ቅርፊትም በሎሚ ብቻ አስለቀቅሁት፤ በረኪናው ከቤት ወጥቷል፣ ወለሉ ደጋግሞ በውሃ ታጥቧል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወለሉ ሸክላ ስለሆነ አይበላም፤ እሱንም መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ጨምቄ አይቼ ነው። ሎሚውን ትቼው ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። እጄን የሚመታ ባይኖርም እጄን ያዝኩት።

ሂሩት ስትመጣ አንሶላዋ ሣፋ ውስጥ ነበር፣ አረፋው ገንፍሎ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች፣ ራቅ ብላ ቆማ። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም የማጠቢያ ነገር ራቅ ብላ ነው የምትቆመው። እጄን አደራርቄ፣ ከፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

«ሂሩቴ፣ ያን ቀን ያመመሽ አይስክሬሙ አይደለም። እኔ ነኝ። በረኪናና ሎሚ ቀላቅዬ ነበር፤ መቀላቀል እንደሌለበት አላወቅሁም። ሲያምሽ ደግሞ ፈርቼ ዝም አልኩ፤ አየሽም አልኩሽ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

አየችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ትቆጣኛለች ብዬም ጠበቅሁ።

«አይስክሬሙ ምንም አላደረገኝም?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነርሱንም ጠይቄዋለሁ።»

ጣቷን ወደ አረፋው ዘረጋች፣ መለሰችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለት ነበር እኮ የበላሁት፤ አንድ ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው» አለች።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሙሉ ደረቷ፣ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓይኔ እሷ ላይ ሆኖ ጆሮዬ እንደ ልማዱ ትንፋሿን ፈለገ። ሳቋ ውስጥ ነበረ፤ ገባ፣ ወጣ፣ አልተቆራረጠም። አንሶላውን እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ይዘን ጨመቅነውና የድሬ ፀሐይ ላይ ሰጣነው።